ታሞ የተኛና ሥራ ጥሎ የጠፋ አንድ አይደሉም

ሰሞኑን በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ፋብሪካዎች አካባቢ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደረሰኝ። የጻፉት በሰው ኃይል አስተዳደር አማካሪነት የሚሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ ጽሑፉ ለአሠሪዎች የተሰጠ ምክር ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ከሥራ የቀረ ሠራተኛ ውሉን ስላልፈጸመ ሊሰናበት ይችላል፤ ስድስት ወር ካለፈው ደግሞ ውሉ ያለ ማንም ውሳኔ ያበቃል፤ የድርጅቱ ክሊኒክ «ይህ ሰው ሥራውን አይችልም» ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ጉዳት ይዞት የተመለሰ ሠራተኛ የቀድሞ ሥራውን እንደ ቀድሞው መሥራት ካልቻለ አሠሪው ሌላ ነገር የማመቻቸት ግዴታ የለበትም፤ ቅር ያለው ሠራተኛ የድርጅቱን የቅሬታ ኮሚቴ ውሳኔ በትዕግሥት ይጠብቅ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን በገዛ ፈቃዱ መልቀቂያ አስገብቶ በሰላም መለያየቱ ነው።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ቃሊቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት የንብረት ክፍል ሠራተኛና የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ግን መጠረዣው እስኪላላ ድረስ አገላብጬዋለሁ። ይህን ምላሽ የምጽፈው ጸሐፊውን ለማዋረድ አይደለም። ጽሑፉ በየሰው ኃይል ቢሮው ጠረጴዛ ላይ እንደ መመሪያ መቀመጥ ስለ ጀመረና አጥንቱ ተሰብሮ ቤቱ በተኛ ሰው ላይ ሲሠራበት ስላየሁ ነው። የምናገረውም በዚህ አዋጅ ስለሚተዳደሩ ሠራተኞች ብቻ ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው።

በቅድሚያ ጸሐፊው ልክ የሆኑበትን ልቀበል። የሐሰት የሐኪም ወረቀት የሚያመጡ ሠራተኞች መኖራቸው እውነት ነው፤ የእነሱ ዳፋ በእውነት ለታመመው መትረፉን እኛ የማኅበር ሰዎችም እናውቃለን። የታመመ ሠራተኛ በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ እንዳለበት የጻፉትም ትክክል ነው፤ አዋጁ በአንቀጽ 85 ይህንኑ ያዛል። ይሁን እንጂ ያው አንቀጽ አሠሪው ሕመሙን በሌላ መንገድ ካወቀ ወይም ሠራተኛው ማሳወቅ ከማይችልበት ሁኔታ ላይ ከነበረ ግዴታው እንደማይጸና ጨምሮ ይናገራል። ጸሐፊው ግማሹን ጠቅሰው ግማሹን ትተውታል። ራሱን ስቶ ሆስፒታል የገባ ሰው «በማግሥቱ አላሳወቅህም» ተብሎ ሲወቀስ የምናየው ከዚህ ዓይነቱ ግማሽ ንባብ የተነሣ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ስንገባ፣ ለረጅም ጊዜ በሕመም መቅረት በራሱ የስንብት ምክንያት ነው የሚለው አባባል በአዋጁ ውስጥ መሠረት የለውም። አንቀጽ 26 እንደሚለው የሥራ ውል በአሠሪው አነሣሽነት የሚቋረጠው ከሠራተኛው ጠባይ፣ ከመሥራት ችሎታው ወይም ከድርጅቱ አሠራር ጋር የተያያዘ በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። መታመም ጠባይ አይደለም። ጸሐፊው የተመረኮዙት በአንቀጽ 27 ላይ ሲሆን፣ ይህ አንቀጽ በስድስት ወር ውስጥ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል ስለሚል ነገሩ የተዘጋ መስሏቸዋል። ድንጋጌውን እስከ መጨረሻው ላነበበው ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎችን ያገኛል፦ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው መሆን አለበት፤ መቅረቱም በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱም የማይሸፈን መሆን አለበት። የሕመም ፈቃድ ከእነዚህ ፈቃዶች አንዱ ስለሆነ፣ በሐኪም ወረቀት የተኛ ሰው የተኛባቸው ቀናት ከአምስቱ ቀን ሊቆጠሩ አይችሉም።

ከዚህም በላይ የሚሄድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 በአንቀጽ 6 ላይ፣ በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት ሥራ ለማቋረጥ ተገቢ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል እንደሆኑ ይናገራል። ጸሐፊው ይህን ስምምነት አንድም ጊዜ አልጠቀሱትም።

አሁን ከሁሉ የከፋ ጉዳት ወደሚያደርሰው ስሕተት ልምጣ፤ ብዙ ቃል የማጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ከጀመሩበት እስከ ጨረሱበት «የሕመም ፈቃድ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይጠቀማሉ። ሕጉ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛው ከሥራ ጋር ያልተገናኘ ሕመም ነው፤ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ያገኛል፤ ክፍያውም በአንቀጽ 86 መሠረት የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። ሁለተኛው በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ወይም በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ነው። ይህን የሚገዙት ሌሎች አንቀጾች ሲሆኑ፣ በአንቀጽ 108 መሠረት ጊዜያዊ የአካል ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን ስድስት ወራት ከግማሽ ያላነሰ ያገኛል። አንደኛው እስከ ስድስት ወር፣ ሌላው እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቅ ማለት ነው።

ልዩነቱ በብር ሲቀመጥ ይበልጥ ይታያል። በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ እግሩ ተሰብሮ ስድስት ወር ተኛ እንበል። ጉዳቱ እንደ ተራ ሕመም ከተመዘገበ በጠቅላላው 12,000 ብር ያገኛል፤ ከአራተኛው ወር ጀምሮም ባዶ እጁን ነው። ጉዳቱ የሥራ አደጋ ተብሎ ከተመዘገበ ግን በዚያው ስድስት ወር 31,500 ብር ይደርሰዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ካልዳነም 49,500 ብር። የቤት ኪራይ ለሚከፍል፣ ልጆች ለሚያስተምር ሰው ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ የሚወስነው ደግሞ አደጋው በደረሰ ዕለት በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው አንድ ቃል ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ቀድሞ እሠራበት ከነበረው ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ጨርሼ በድርጅቱ ሰርቪስ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አውቶቡሱ በድንገት ፍሬን ይዞ ከደረጃው ላይ ጣለኝና ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ፎርማኑ «ከግቢ ውጭ ስለሆነ የሥራ አደጋ አይባልም» ብሎ በሕመም ፈቃድ አስመዘገበኝ፤ እኔም የማውቀው ነገር ስላልነበረ ዝም አልሁ። አራተኛው ወር ላይ ደመወዝ ቆመ። አምስተኛው ወር ላይ ስሜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ሪፖርት ካላደረግሁ በገዛ ፈቃዴ እንደለቀቅሁ እንደሚቆጠር የሚገልጽ ደብዳቤ ነበር። ሰሌዳው ያለው ፋብሪካው ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ጄሶ አድርጌ ገላን ቤቴ ነኝ፤ ወሬውን የነገረኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ክራንች ተደግፌ ስሄድ በሰው ኃይል ክፍሉ ያገኘኋት ወጣት «ጋሼ፣ እኛም የታዘዝነውን ነው የምንሠራው» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር።

ኋላ ላይ አንድ የማኅበር ሰው አንቀጽ 97ን አሳየኝ። ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ መጓጓዣ ባቀረበው ተሽከርካሪ፣ ወይም ለዚሁ ሥራ በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ከሥራ ሲመለሱ የሚደርስ ጉዳት የሥራ አደጋ ነው ይላል። በራሳችሁ ታክሲ ብትሄዱ ኖሮ ይህ ድንጋጌ ባልረዳችሁ፤ በሰርቪስ ከሆነ ግን ይረዳል። አንቀጽ 96 ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ለሥራ አደጋ ተጠያቂ መሆኑን ይገልጻል፤ ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ወይም ሰክሮ መጥቶ ሆነ ብሎ ራሱን ካልጎዳ በስተቀር። የእኔ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሁለተኛው ቀጠሮ በስምምነት አለቀ። ስምምነት የመጣው ግን ክሱ ስለ ተመሠረተ ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ውሉ ያለ ማንም ውሳኔ ያበቃል ለሚለው፣ የሥራ ውል በሕግ የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች በአንቀጽ 24 ተዘርዝረዋል፤ የተወሰነው ጊዜ ወይም ሥራ ማለቅ፣ የሠራተኛው ሞት፣ ጡረታ፣ የድርጅቱ መክሰር ወይም ለዘለቄታው መዘጋት፣ እንዲሁም ሠራተኛው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው መሥራት አለመቻሉ። «የሕመም ፈቃዱ ካለቀ» የሚል በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንቀጽ 28ም በማስጠንቀቂያ ማሰናበትን የሚፈቅደው ሠራተኛው በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ግዴታውን ለዘለቄታው መፈጸም ሳይችል ሲቀር ነው። በሁለቱም ቦታ ቁልፉ ቃል «ለዘለቄታው» የሚለው ነው። ስድስት ወር መታመምና ለዘለቄታው አለመቻል አንድ አይደሉም፤ የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሰባተኛው ወር በእግሩ ቆሞ የሚሠራ ሰው አለና።

እዚህ ላይ ግን ለሠራተኛው ወገኔም የማይጥም ነገር ልናገር። በተራ ሕመም ስድስቱን ወር የጨረሰ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ የሚቀርባቸው ቀናት በአዋጁ በተፈቀደ ፈቃድ አይሸፈኑም። አሠሪው በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ መቅረቱ ቀጥሎ አምስት ቀን ከሞላ፣ አንቀጽ 27ን ሊጠቀም ይችላል። ስለዚህ ስድስተኛው ወር ሲቃረብ ዝም ብሎ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ ከድርጅቱ ጋር በጽሑፍ መነጋገር፣ የዓመት ፈቃድ ካለ መጠየቅ፣ የኅብረት ስምምነቱ የሚጨምረው ነገር እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ ትክክል ይሆኑ ነበር። እሳቸው ግን ማስጠንቀቂያውንና ቆጠራውን አልፈው ውሉ በራሱ ያበቃል ብለው ደመደሙ፤ አንባቢው አሠሪም የስንብት ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ ሠራተኛውን ከፔሮል ማውጣት ይችላል ብሎ ተረዳ።

ስለ ድርጅቱ ክሊኒክ የተባለው ደግሞ ያስደንቃል። በእኛ አገር «ቦርድ ወጣ» የሚል አነጋገር አለ፤ በሕክምና ቦርድ ተመርምሮ መሥራት አይችልም የተባለን ሰው የምንጠራበት ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ራሱ ውሳኔው የአንድ ሰው ሳይሆን የቦርድ መሆኑን ይናገራል። በሥራ አደጋ የደረሰ የዘለቄታ ጉዳት መጠን የሚወሰነው ሥልጣን ባለው የሕክምና ቦርድ እንደሆነ አዋጁም ደንግጓል። ለሕመም ፈቃድም ቢሆን የሚጠየቀው መንግሥት ካወቀው የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ነው። ከፋብሪካው ደመወዝ የሚከፈላት ነርስ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ትሰጣለች፤ ቁስል ታጥባለች፤ የአንድን ሰው የሥራ ዘመን በአንድ መስመር ማቋረጥ ግን የእሷ ሥራ አይደለም፤ እሷም ብትጠየቅ ይህን አትወድም። በአቃቂ ቃሊቲ ለሚሠራ ሰው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ቦርድ የሚቀመጥበትን ሆስፒታልና ቀኑን እዚያ ጠይቆ መረዳት ይቻላል። የቦርድ ወረፋ መርዘሙን አልክድም፤ ወረፋው ረዝሟል ተብሎ ግን ቦርዱ ሊዘለል አይችልም።

ጉዳት ይዞት የተመለሰውን ሠራተኛ በሚመለከት ጸሐፊው አዋጅ 1156ን ብቻ ይዘው አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ረስተዋል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው ይህ አዋጅ አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች፣ አስፈላጊ ሲሆንም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል፤ ተመጣጣኝ ማመቻቸት የሚለው ቃል የሥራ መሣሪያን፣ የሥራ ሰዓትን፣ የሥራ ቦታንና የሥራውን ይዘት ጭምር ይነካል። ይህን አለማድረግ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ጫና እስካላስከተለ ድረስ፣ አድልዎ ነው። የሚገርመው ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ነው፦ አካል ጉዳተኛው በጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተደርጎብኛል ብሎ ሲከስ የማስረዳት ሸክም የለበትም፤ አለማዳላቱን የሚያስረዳው አሠሪው ነው። ከስፌት ማሽን ላይ ሁለት ጣቶቿን ያጣች ሴት ስፌቱን እንደ ቀድሞው አትሰፋ ይሆናል፤ የጥራት ቁጥጥር ጠረጴዛ ላይ ቆማ ግን ማንም የማያየውን ጉድፍ ታያለች፤ ለዓመታት ሰፍታዋለችና። አምስት ሠራተኛ ያለው ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት ይህን ሁሉ ማድረግ እንደማይችል እረዳለሁ፤ ሕጉም ስለ ከመጠን ያለፈ ጫና የሚናገረው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ምክራቸውን የሰጡት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ላሏቸው ድርጅቶች ነው።

የቅሬታ ኮሚቴውን ጠብቁ የሚለው ምክር ከላይ ሲያዩት የዋህ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ግን ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳ ወጥመድ ነው። ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ የሚጠይቀው ክስ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ይርጋውን የሚያቋርጡት የሥራ ክርክር ለሚወስን አካል የቀረበ ክስ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግን ለሚያስፈጽም ባለሥልጣን የቀረበ አቤቱታ፣ ወይም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ናቸው። በድርጅቱ ውስጥ ያለ ኮሚቴ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ኮሚቴው «የሚቀጥለው ሳምንት» እያለ ሦስት ወሩን ካሳለፈ፣ ሠራተኛው የመመለስ መብቱን በትዕግሥቱ አጣው ማለት ነው። ቅሬታውን ለኮሚቴው ማቅረብ አይከለከልም፤ የቀን መቁጠሪያውን ግን በግድግዳው ላይ ሰቅሎ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የት መሄድ እንዳለበት ማወቅም የራሱ ጣጣ አለው። ቦሌ ለሚ፣ ቂሊንጦ ወይም አቃቂ ያለ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚከሰው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ዱከም ወይም ሰበታ ያለ ግን ወደ ኦሮሚያ ክልል ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ክሱም የሚቀርበው በአፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ እየኖረ ዱከም የሚሠራ ሰው በመኖሪያው ሲመላለስ ቀኑ የሚያልፍበት ለዚህ ነው። በሠራተኛ ክስ ላይ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ መስጠት እንዳለበት ተደንግጓል። ጠበቃ የማይችል ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ምክር ማግኘት ይችላል፤ የሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት ውስጥ ከሆነም በፌዴሬሽኑ በኩል ወደ ኢሠማኮ (የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን) ማድረስ ይቻላል።

ስለ መልቀቂያው ብዙ አልልም። አንቀጽ 25 ሁለቱ ወገኖች ውሉን በስምምነት ማቋረጥ እንደሚችሉ ይፈቅዳል፤ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት የተወበት አንቀጽ ግን ሕጋዊ ውጤት የለውም። ጸሐፊው «በሰላም መለያየት» ያሉትን በሒሳብ እንየው። ሰባት ዓመት የሠራና በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ከሕግ ውጭ ከተሰናበተና ሳይመለስ ከቀረ፣ በግርድፍ ስሌት የ180 ቀን ደመወዝ ካሣ 36,000 ብር፣ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 12,000 ብር፣ የስንብት ክፍያ ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሩት ስድስት ዓመታት በየዓመቱ የወሩ ሲሶ ተጨምሮ 18,000 ብር ያገኛል። በድምሩ 66,000 ብር ነው። «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው የካሣውንና የማስጠንቀቂያ ጊዜውን ክፍያ ጥያቄ ሊያነሣ የሚችለው ፊርማውን አስገድደው እንዳስፈረሙት ካስረዳ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ምስክር ይፈልጋል። ስለዚህ ጄሶ አድርጎ ለተኛ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ቤቱ ሲመጡበት፣ ወረቀቱን ተቀብሎ «አንብቤ ነገ እመልሳለሁ» ይበል፤ በዚያችው ቀን ደግሞ ለማኅበሩ ሰው ይደውል።